የለስላሳው ባለቤት እኔ ነበርኩ

ባለፈው ጥር ሸዋ በር ገበያ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት «የልጄ ትከሻ ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ሥራ ይበዛበታል» አልኳቸው። ሥራ ይበዛበታል፣ እሱ እውነት ነው። ትከሻውን ያስጎዳሁት ግን እኔ ነኝ።

ልጃቸውም እኔም ያደግነው እዚያው፣ ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ከሚሉት በር ወጣ ብሎ ነው። ዴንቨር ተገናኘን፤ «ጋሼ» ይለኛል። ዒላማ በደጋን መምታት ያስለመድኩትም እኔ ነኝ።

ደጋን ስል ጥጥ የሚነደፍበትን አይደለም። ኮምፓውንድ የሚሉትን ነው። ተራ ደጋን በሳቡት ቁጥር ይከብዳል። ሆለስ አለን የተባለ የሚዙሪ ሰው ግን በ1966 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባመለከተበት ደጋን ጫፍና ጫፍ ላይ እንዝርታቸው ከመሃል የራቀ መንኮራኩሮች ገጠመ። ዛሬ ካም እንላቸዋለን። 70 ፓውንድ፣ ማለትም 32 ኪሎ ገደማ፣ ስበህ ደጋኑ 80 በመቶውን ካቀለለልህ መጨረሻ ላይ የምትይዘው 14 ፓውንድ ነው። ጉዳዩ እስከዚያ ያለው መንገድ ነው። ለስላሳው ካም ቀስ ብሎ ይከብድና ቀስ ብሎ ይለቃል። ኃይለኛው ገና ከመነሻው ይከብዳል፣ እንደከበደ ይቆያል፣ ከዚያ ድንገት ገደል እንደገባ ይቀላል፤ ክንድህን ትንሽ ካላላህ ደግሞ ይነጥቅሃል። ፍላጻው ግን ይፈጥናል። ባለ አንድ ካሙ ለስላሳ፣ ባለ ሁለቱ ኃይለኛ ነው ይባላል፤ እኔም እል ነበር፣ ከቁጥሩ ይልቅ የካሙ ቅርጽ እንደሚወስን እያወቅሁ።

ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ለስላሳውን ሳበና ፊቱ ፈካ። «ይሄ ተመቸኝ ጋሼ።» አጠገባችን ሁለት አዳኞች ቆመው ያዩናል። «እሱማ የልጅ ነው» አልኩት።

ለፍጥነቱ ብዬ ነው ስል ቆይቻለሁ። ፍጥነቱ ለወረቀት ዒላማ ምን ያደርግለታል? እነዚያ ሰዎች ፊት አዋቂ መስዬ መታየት አምሮኝ ነው፤ ስማቸውን እንኳ አላውቅም። የራሴ ደጋን ለስላሳ እንደሆነ፣ እንዲቀልልኝም ብሎኑን አላልቼ እንደምስበው አልነገርኩትም። እሱ ደግሞ አይጠይቅም፤ ጋሼ ካለ አለ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ቀኝ ትከሻው አልታዘዝ ሲለው ደጋኑን እኔ ቤት አስቀመጠው። አንድ ማታ ጋራዥ ውስጥ አነሣሁት። ግማሽ ሳልደርስ ክርኔ ተንቀጠቀጠ። ወደ ላይ አንሥቼ፣ ወገቤን ጠምዝዤ ጎተትኩ፤ እንቢ አለ። ጅማቱን ቀስ ብዬ መለስኩና ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ።

ጥፋቴ የገባኝ ያኔ ነው ልል ነበር። ነገር ግን ያን ቀን ሱቁ ውስጥ «እስኪ አንተም ሞክረው ጋሼ» ብሎ ደጋኑን ሲዘረጋልኝ፣ ሰዓቴን አይቼ «መሽቷል፣ እንሂድ» ብዬዋለሁ። ገና አራት ሰዓት አልሞላም ነበር፤ የጠዋቱ።

እናቱ በርበሬውን ሰፍረው ፌስታሉን ሁለት ጊዜ ቋጠሩት። «አንተ እያለህለት አልሰጋም» አሉኝ። ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ዴንቨር ደርሼ መልእክቱን ሳስረክበው በግራ እጁ ተቀበለኝ።