የዕድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ

ሰፈራችን ዓለም ባንክ ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ብድር ከተሠሩት ቤቶች ነው። ከየአቅጣጫው መጥተን የተጎራበትነውን ሰዎች አንድ ያደረገን ግን ዕድሩ ነው። እኔም ለጥቂት ዓመታት ንብረት ያዥ ሆኜ አገልግያለሁ።

ንብረቱ በቆርቆሮ ቤት የተከማቸ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሰሃንና ጆግ ነው። ጥሩምባው ከመነፋቱ በፊት የሚንኳኳው የእኔ በር ነበር። በባትሪ ብርሃን ካስማውንና ገመዱን ቆጥሬ አስረክባለሁ፤ በሠልስቱ ማግስት የጎደለውን ሰሃን እየመዘገብሁ እረከባለሁ። እያደር አባቶቼ የሚሆኑ ሰዎች ስመጣ ከመቀመጫቸው ይነሱልኝ ጀመር። ሠርግ የደገሰ ሰው ከዕድሩ ዳኛ ይልቅ እኔን ያባብላል። ከቁልፉ በቀር የተጨመረልኝ ነገር አልነበረም። ክብሩ ግን ጣመኝ፤ ቁልፉን የማስረክብበት ቀን ሲቃረብ ደስ አላለኝም።

በዚያ ሰሞን ስለ ሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ሕዝቦች ያነበብሁት ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ትምህርት ቤት የተማርነው፣ ሰው መጀመሪያ አዳኝ፣ ቀጥሎ ገበሬ ሆነ፤ መኳንንትና ባሪያ ከእርሻ በኋላ መጣ የሚል ነው። ትሊንጊትና ሀይዳ የሚባሉት ሕዝቦች ግን እህል አላረሱም። ሳልመን የተባለው ዓሣ በየዓመቱ በወቅቱ ከባሕር ወደ ወንዝ ሲተም ያጠምዱታል፤ አድርቀውና በጢስ አጥነው ለክረምት ያስቀምጡታል። ከዝግባ ሳንቃ በተሠሩ ትልልቅ ቤቶች ይኖሩ ነበር። ባለማዕረግ ቤተሰብ፣ ተራ ሰውና በጦርነት የተማረከ ባሪያ ነበራቸው። አለቃው ስሙን የሚያስከብረው ፖትላች በሚባለው ድግስ ያከማቸውን በማደል ነው። የካናዳ መንግሥት ይህን ድግስ እ.ኤ.አ. በ1885 ከልክሎ እስከ 1951 ድረስ አግዶታል። በፍሎሪዳ ጠረፍ የነበሩት ካሉሳዎችም ከባሕር እየኖሩ ንጉሥ ነበራቸው። ማዕረግን የወለደው ማረሻ ብቻ አለመሆኑን ያኔ ተረዳሁ። የሚከማችና የሚጠበቅ ነገር ካለ፣ ጠባቂው ከሌላው ከፍ ይላል።

ወዲያው ትዝ ያሉኝ የጣና ዳር ነገደ ወይጦዎች ናቸው፤ የልጅነቴ ባሕር ዳር ትዝታ ያለ እነሱ አይሞላም። ከደንገል ታንኳ እየሠሩ፣ ዓሣ እያጠመዱና ጉማሬ እያደኑ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። በ18ኛው መቶ ዘመን አገራችንን የጎበኘው ጄምስ ብሩስ የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ጽፏል፤ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። እስልምናን ይከተላሉ፤ ነገር ግን ጉማሬ ይበላሉ እየተባለ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማዕድ አብሯቸው አይቆርስም ነበር። ጎተራውም ግብሩም መሬቱም በገበሬውና በመኳንንቱ እጅ ነበር። የሐይቁን ዳርቻ የማያውቁት ሰዎች ደረጃ አወጡለት፤ የሚያውቁት ከታች ተመደቡ። ከተማዋ እየሰፋች ስትመጣ ደግሞ ከውኃው ዳር ራሱ ተገፉ። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ጥሪት የያዘ ወገን ያልያዘውን ዝቅ ሲያደርግ፣ ዝቅታውን የዘር ጉድለት አድርጎ ያወራዋል።

ከዚያ በኋላ የዕድራችንን የአባላት መዝገብ በሌላ ዓይን አየሁት። የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ አሉበት። በየጓሮው ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት፣ ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር የሚማሩት የሉበትም። የመግቢያ ክፍያውን በአንድ ጊዜ መክፈል ስለማይችሉ ከሰፈሩ ጥሪት ውጭ ናቸው፤ ሐዘን ሲገባባቸው ሸራ ፍለጋ ይንከራተታሉ። ጉዳዩን በጠቅላላ ጉባኤ አነሣሁት። «ተከራይ ነገ ይሄዳል» የሚል ተቃውሞ ገጠመኝ፤ ክርክሩም ረዘመ። በመጨረሻ መግቢያው በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል፣ ቁልፉም በሁለት ሰዎች እጅ ሆኖ በየዓመቱ እንዲዞር ተስማማን።

የዕድር አባል የሆናችሁ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቡን አስነብቡ። በግቢያችሁ የሚኖረው ተከራይ ስሙ ከሌለበት አስመዝግቡት።