ተክዬ የረሳኋት ችግኝ

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አንዲት ችግኝ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይህም እስከ መጨረሻው ታገሠኝ፤ በዚህች ትንሽ ነገር ውስጥ እኔን ክፉኛ ያሳፈረኝ ጉዳይ አለና።

የምኖረው በየካ፣ ሲግናል በሚባለው ሠፈር ነው። ጧት ጧት ወደ መሥሪያ ቤቴ ለመሄድ ታክሲ ስጠብቅ ወደ ሰሜን ቀና ብዬ የእንጦጦን ጋራ አያለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት በወርኃ ሐምሌ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እሱ አባል ወደሆነበት የበጎ አገልግሎት ክበብ ጋበዘኝ። የክበቡን ስም ልተወው። ሰዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ሐኪምም፣ መምህርም፣ ነጋዴም አለባቸው። በዚያ ሰሞን «ለሰላምና ለዘላቂ ልማት» የሚል ጨርቅ አሠርተው በእንጦጦ ጋራ ላይ ችግኝ ለመትከል ተነሥተው ነበር።

እንዲህ ስላሉት ክበቦች ምናልባት ሰምተህ ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ሮታሪ በ1897 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ የተመሠረተ ነው። መሥራቹ ፖል ሐሪስ የተባለ ጠበቃ ሲሆን፣ አብረውት የተሰበሰቡት አንድ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ አንድ የማዕድን መሐንዲስና አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በመጀመሪያ የሚሰበሰቡት በየተራ በአንዱ ባልንጀራ መሥሪያ ቤት ስለነበረ ስሙ መዞር ከሚለው ቃል ወጣ። የእኛስ የጽዋ ማኅበር ከቤት ወደ ቤት በየተራ አይደል የሚዞረው? ሮታሪ ሰላምን መገንባት ከዋና ዋና ሥራዎቹ እንደ አንዱ ይቆጥራል፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የተፈጥሮ አካባቢን መጠበቅ ጨመረበት። ሰላምና ዛፍ ምን አገናኛቸው ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። እኔም ያን ጊዜ ይህንኑ ጠይቄ ነበር፤ መልሱን ያገኘሁት ግን በስብሰባ ላይ አይደለም።

ያን ቀን ሦስት ችግኞች ተከልሁ፤ ሁለት ወይራና አንድ ጽድ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭቃው ይይዛል፣ ፎቶግራፍ አንሺው «ቶሎ በሉ» ይላል። በጽዷ አጠገብ ስሜን የጻፍሁበት እንጨት ተከልሁና እጄን ታጥቤ ወረድሁ። ከዚያ በኋላ ታክሲ ስጠብቅ ወደ ጋራው ቀና ባልሁ ቁጥር ደረቴ ነፋ ይል ጀመር። «እዚያ ላይ የእኔ ዛፍ አለ» እል ነበር።

በተከታዩ ጥር አንድ እሑድ ተማሪ የሆነውን ታናሽ ወንድሜን ይዤ ዛፌን ላሳየው ወጣሁ። ስሜ የተጻፈበት እንጨት ቆሟል፤ ጽዷ ግን ደርቃለች። በዚያው ቦታ የደኑ ጠባቂና አንዲት ጭራሮ የተሸከሙ እናት ይጨቃጨቃሉ። ጠባቂው የሸክማቸውን ገመድ ይዞ አልለቅም ይላል።

«ጌታዬ እንኳን መጡ» አለኝ። «ችግኙን የሚያደርቁት እነዚህ ናቸው። እየረገጡ፣ እየቆረጡ!»

እኔም በችግኜ ነገር ልቤ ተቃጥሎ ስለነበር ወደ ሴትዮዋ ፊቴን አጠቆርሁ። «እናቴ፣ ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?» አልኋቸው።

ሴትዮዋ ሸክማቸውን አወረዱና አንድ ቃል ሳይመልሱ ጐንበስ ብለው ጽዷን ነቀሏት። ሥሯ በጥቁር ላስቲክ እንደተጠቀለለ ወጣ። ሥሩ መውጫ አጥቶ በላስቲኩ ውስጥ ዙሪያውን ተጠምዝዟል።

«ልጄ፣ ታስሮ የተቀበረ ነገር ይበቅላል?» አሉኝ።

አንባቢዬ፣ ላስቲኩን ሳላወልቅ የተከልሁት እኔ ነኝ። ዝናቡን ፈርቼ፣ ለፎቶግራፍ ቸኩዬ። በእኔ ችኰላ ምክንያት ደመወዙ ትንሽ የሆነ ጠባቂና የቀን እንጀራቸውን በጀርባቸው የሚያወርዱ እናት ጠላት ሆነው ገመድ ይጓተታሉ። ወንድሜ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። በጋራው ላይ ስሜ የተጻፈበት እንጨት ቆሞ ይመሰክርብኛል።

ለጠባቂው «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ገመዱን ይመልሱላቸው» አልሁት። አፍሮ መለሰ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ሦስታችንም ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስንጨዋወት ብዙ ተማርሁ። ሴትዮዋ የሚለቅሙት የወደቀ ቅጠልና ደረቅ ጭራሮ ነው፤ በዚያ መንገድ በየቀኑ ያልፋሉ። ጠባቂው በየቀኑ እዚያው ይውላል። እኛ የክበብ ሰዎች ግን በዓመት አንድ ቀን መጥተን እንሄዳለን። ታዲያ ችግኙን ማን ያሳድገው?

የዚህ ጋራ ታሪክ ራሱ የማገዶ ታሪክ ነው። ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ከተማ ሠርተው በነበረ ጊዜ የአገሩ ጽድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ ተጨፈጨፈ። አዲስ አበባም ከተቆረቆረች በኋላ ማገዶ ስለ ጠፋ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ደርሶ ነበር። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣውና በ1880ዎቹ መተከል የጀመረው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጽድና ወይራ ግን ትዕግሥት ይፈልጋሉ። እነሱን የሚተክል ሰው ተክሎ የሚሄድ ሳይሆን የሚመለስ መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ በክበቡ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርሁ። ጥቂት ጊዜ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ አባል «እኔም ላስቲኩን ማውለቄን አላስታውስም» ሲሉ ሳቅና እፍረት ተደባለቀ። በሚቀጥለው ክረምት ጉድጓድ ከመቆፈራችን በፊት ጠባቂዎቹንና ማገዶ ለቃሚዎቹን ጠርተን ቡና አፍልተን ተነጋገርን። የትኛው ቦታ እንደሚከለል፣ ደረቅ ጭራሮ ከየት እንደሚለቀም ተስማሙ። የችግኙን ቁጥር ቀንሰን በየወሩ የሚወጣ ሰው በተራ መደብን። ሁሉም ጸደቀ ብዬ አልዋሽህም። በዚያ ክረምት እኔ ከተከልኋቸው ሦስት ያለችው አንዲት ወይራ ናት፤ እሷም ጉልበቴን አትደርስም።

ሰላምም እንዲሁ ይመስለኛል። በሰሜን የነበረውን ጦርነት ያቆመው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ሲፈረም ብዙዎቻችን እፎይ አልን። ፊርማ ግን መትከል ነው፤ ማጽደቁ ሌላ ሥራ ነው። የሮታሪ ሰዎች የልጅነት ልምሻን ለማጥፋት በ1977 ዓ.ም. ተነሥተው፣ የአፍሪካ ቀጣና ከተፈጥሮው የበሽታው ቫይረስ ነጻ መሆኑ የተመሰከረው በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት! ያ የሆነው ጠብታው አንድ ቀን ስለ ተሰጠ ሳይሆን፣ የጤና ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ወደዚያው ደጃፍ ደጋግመው ስለ ተመለሱ ነው።

ስለዚህ አንተ ተማሪ፣ አንተም እንደ እኔ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የሆንህ፣ አንቺም እኅቴ፣ በሚመጣው ክረምት ተከላ ስትጠሩ እምቢ አትበሉ፤ ሂዱ። ነገር ግን ላስቲኩን አውልቁ። በዚያ መንገድ በየቀኑ የሚያልፈውን ሰው ስሙን ጠይቁ። ጥር ሲሆን ደግሞ ጀሪካን ውኃ ይዛችሁ ተመለሱ።

እኔ በመጪው እሑድ ወደዚያው እወጣለሁ። ስሜ የተጻፈበትን እንጨት ነቅዬዋለሁ፤ ወይራዋ ግን ውኃ ትፈልጋለች።