«ወንድ ናት!»

ዛሬ አማኑኤል ገበያ አንዲት ልጅ የጤፍ ጆንያ ብቻዋን ተሸክማ ስታወርድ ያዩ አባት «ወንድ ናት!» ብለው አመሰገኗት። ልጅቷ ፈገግ አለች። እኔን ግን ቃሉ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ልጅ ሳለሁ ዛፍ ስወጣ «ወንዳወንድ» ይሉኝ ነበር፤ ያኔ ስድብ ነበር። ስንጎብዝ ወንድ፣ ስንፈራ ሴት እንባላለን። አረሙንም አጨዳውንም እንሠራለን፤ ሞፈሩ ግን የወንድ ነው ይባላል። ታዲያ ሴትነት የቱ ነው?

አንዱ የተፈጥሮ አካል ነው ይላል። ሌላው እናትነት ነው ይላል። በሩቅ አገር ደግሞ ሰው ውስጡ የሚሰማው ነው የሚሉ አሉ፤ የእምነት አባቶቻችን ይህን አይቀበሉም።

እኔን የሚያመኝ ግን መውለድ መለኪያ ሲሆን ነው። አክስቴ «መካን» እየተባለች የወንድሞቿን ልጆች አሳድጋለች። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱት እቴጌ ጣይቱ ከዐፄ ምኒልክ አልወለዱም። ወለተ ጴጥሮስም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትዳሯን ትታ መነኮሰች፤ በዐፄ ሱስንዮስ ፊት ሃይማኖቷን አልለወጠችም፤ ቤተ ክርስቲያንም ቅድስት ትላታለች። እነዚህን ሴት አይደሉም የሚል ማን ነው?

ለእኔ ሴትነት በጆንያም፣ በማሕፀንም፣ በሰው አፍም አይለካም። በትርጉሙ ባንስማማ እንኳ፣ እንደ ሌላው ስላልሆነ ብቻ ማንም አይሰደብ፣ አይደብደብ። ያቺን ልጅ ደግሞ ነገ ካገኘኋት «ጎበዝ ሴት ነሽ!» እላታለሁ።