ነጠላ የከበደው እግር

ልጄን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። ወገቤ ላይ የማደንዘዣው መርፌ ሲገባ ከቀኝ ዳሌዬ እስከ እግሬ ጣት ኮረንቲ እንደያዘኝ ነዘረኝና ጮህኩ። ባለሙያው ወዲያው መርፌውን አውጥቶ በሌላ ቦታ ወጋኝ፤ ልጄም በሰላም ተወለደች። መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ቢሆንም የነርቭ ሥሮች እዚያም አሉ። አንዱን ከነካው እንዲህ ይነዝራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳይሰነብት ያልፋል። የኔ አላለፈም።

ማደንዘዣው ሲለቀኝ ቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች እየደነዘዘ ያቃጥለኝ ጀመር። የተቀደደው ሆዴ፣ የሚያስለቅሰኝ እግሬ። ሌሊት ነጠላ ሲያርፍበት እንኳ አልችለውም። እናቴ “ብርድ ነው” ብላ ቅቤ አሙቃ ልታሸኝ ስትጠጋ እጇን ያዝኳት። ያልቆሰለ፣ ያላበጠ እግር ነው፤ ምን ብዬ ላስረዳት? አራስን ስለ ቁስሏና ስለ ጡቷ የሚጠይቅ ሞልቷል፤ “እግርሽስ?” የሚል ግን አላገኘሁም።

ለሕመም የታዘዘልኝ ዲክሎፌናክ የሆዴን ቁስል አስታገሰልኝ፤ እግሬን አላገዘውም። በኋላ ያየኝ የነርቭ ሐኪም እንዳስረዳኝ፣ የተጎዳ ነርቭ ማንም ሳይነካው የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ይልካል፤ ስለዚህ የቁስል ማስታገሻ ብዙም አይመልሰውም። በጥጥ እየነካካ መረመረኝ። ሽንቴን መቆጣጠር አቅቶኝ፣ ጭኖቼ መካከል ደንዝዞኝ ወይም እግሬ ዝሎ እንደሆነም ደጋግሞ ጠየቀኝ። ከነዚህ አንዱ ቢኖር ለነገ የማይባል ኤም አር አይ ያስፈልገኝ ነበር።

ማታ ማታ የምወስደው 10 ሚሊግራም አሚትሪፕቲሊን አዘዘልኝ። ቤት ገብቼ የመድኃኒቱን ወረቀት ሳነብ “የድብርት መድኃኒት” ይላል። አላመነኝም፣ ሕመሙን የፈጠርኩት መስሎታል ብዬ ከልጄ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። ተመልሼ ስነግረው አልተቆጣም። ለድብርት ከሚሰጠው በጣም ባነሰ መጠን ለነርቭ ሕመም እንደሚታዘዝ፣ ማጥባቴንም አስቦ እንደመረጠው ነገረኝ። “በሳምንት አትፍረጂበት፤ ቀስ እያልን እንጨምራለን” አለኝ።

እውነቱን ነበር። መጀመሪያ ያገኘሁት አፍ መድረቅና የጠዋት ድብታ ነው። መጠኑ 25 ሲደርስ እንቅልፌ ተመለሰ፤ ማቃጠሉ የረገበው ከዚያ በኋላ ነው። ባይረዳኝ ጋባፔንቲን ሊሞክርልኝ አስቦ ነበር፤ አላስፈለገም። ዛሬ ካልሲ አደርጋለሁ፤ ትንሿ ጣቴ ብቻ አሁንም ትደነዝዛለች። ሁለተኛ ልጅ ባስብ ማደንዘዣ የሚሰጠኝ ሰው መርፌውን ከማንሳቱ በፊት ይህን ሁሉ እንዲሰማ፣ ሐኪሙ በካርዴ ላይ ጽፎልኛል።