ኢየሩሳሌም በአዘቦት ቀን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በአገራችን ጥር የበጋ ወር ነው፤ እህል በአውድማ ይወቃል፣ ሰማዩም ይጠራል። በኢየሩሳሌም ግን የወራቱ ጠባይ የተገላቢጦሽ ነው። ዝናሙ በኅዳር ይገባና በታኅሣሥና በጥር ይበረታል፤ አንዳንድ ዓመትም በረዶ ይጥላል። ስለዚህ ለልደትና ለጥምቀት በዓል የመጡ ተሳላሚዎች ስስ ነጠላ ብቻ ለብሰው በደጃችን ሲንቀጠቀጡ እናያቸዋለን። ወፍራም ጋቢና የማያዳልጥ ጫማ መያዝ ይገባል፤ የአሮጌው ከተማ ንጣፍ የብዙ ዘመን እግር ያለሰለሰው ድንጋይ ነውና ዝናም ሲነካው ያዳልጣል።

በዓላቱ ተፈጽመው የመመለሻው ዕለት እስኪደርስ ድረስ አንድ ወይም ሁለት የአዘቦት ቀን ይተርፋል። «አባቶች፣ በዚህ ቀን ምን እንሥራበት?» ብለው የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። የሚበዙት ቀኑን ሻማና መቁጠሪያ በመግዛት ይፈጽሙታል። እኛ ግን የተረፈው ቀን ከሁሉ የሚበልጠው ቀን ነው እንላለን። ቀኑ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ካሉት አንዱ ቢሆን ይመረጣል፤ ዓርብ ሙስሊሞች ለጁምዓ ጸሎት ስለሚወጡ ጎዳናው ይጠባል፣ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ በአይሁድ ሰንበት ምክንያት የከተማው ባቡር አይሠራም፣ እሑድም የቅዳሴያችን ቀን ነው።

ይህንንም በአንዲት እናት ምክንያት ተማርነው። ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ጓደኞቻቸው ለገበያ ሲወጡ እርሳቸው ከእኛ ጋር መሄድን መረጡ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ ነበር።

ጠዋት ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ተነሣን። ይህ ክብ ቤተ ክርስቲያን በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ 2ኛ ዘመን የተፈጸመ ነው፤ ያለበትም መንገድ እስከ ዛሬ የኢትዮጵያ ጎዳና ይባላል። ከዚያ ወጥተን የነቢያትን ጎዳና ይዘን ወረድን። በመንገዱ ዳር በንግሥት ዘውዲቱ የታነጸ ቤት አለ፤ በግንባሩ ላይ በጠጠር ኅብር የተሠራውን የይሁዳ አንበሳ እናታችን ቆመው ተመለከቱ። ዝናሙ ሲያካፋ በደማስቆ በር ገባን።

የቅመሙንና የጣፋጩን ገበያ አልፈን፣ በስተ ቀኝ ያለውን ደረጃ ወጥተን ዴር ሱልጣን ደረስን። በትንሣኤ ሌሊት ድንኳን ተተክሎ እግር ማሳረፊያ የሚታጣበት ያ ሰገነት በዚያ ቀን ባዶ ነበር፤ በመካከሉ ያለችው ጉልላት በዝናም ርሳለች፣ አባቶችም በየጠባብ በዓታቸው ተቀምጠዋል። እናታችን ከአንድ አረጋዊ አባት ጋር ሻይ ጠጡ። ተሳላሚዎች ሆይ፣ ይህን አትለፉት። ይህ ርስት የተጠበቀው በክረምት ብርድም ሳይለቁ በኖሩ አባቶች ነው፤ በዓል በሌለበት ቀን የሚጎበኛቸው ሰው ሲያገኙ የሚሰማቸውን ደስታ እኛ እናውቃለን።

ከሰገነቱ በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል አብያተ መቅደስ በኩል ወርደን በጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆምን። የዚህ በር ቁልፍ ከጥንት ጀምሮ በሙስሊም ቤተሰቦች እጅ መሆኑን ስንነግራቸው ተደነቁ። እንደ ገቡ በስተ ቀኝ ያለው ቀጥ ያለ ደረጃ ወደ ጎልጎታ ያወጣል። በላይ የነበሩት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከመንበሩ በታች ባለው ቀዳዳ እጃቸውን አስገብተው ዓለቱን ዳሰሱ።

ከዚያም ከመቀነታቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የልጅ ልጃቸው የጻፈላቸው አርባ ሦስት የክርስትና ስም ነበረበት። «ባለፈው ከሰዉ ጋር ስንመጣ ሦስቱን እንደ ጠራሁ ከኋላ ገፍተው አወረዱኝ» አሉ። ማንበብ አይችሉምና እኛ እያነበብንላቸው ሁሉንም ጠራን፤ በየስሙ የማን ልጅ፣ ምን የታመመ፣ ምን ውለታ የዋለ እንደ ሆነ ይነግሩን ነበር።

ወረቀቱ ሲያልቅ ዝም አሉና፣ «አንድ ያልተጻፈ ቀርቷል፤ በባሕር የወጣ ልጄ ነው። ሰባት ዓመት ሆነው፣ ድምፁን አልሰማሁም። አባታችን፣ ከሕያዋን ጋር ነው ወይስ ከሙታን የሚጠራው?» አሉን።

ዘመናችንን ከመጻሕፍት ጋር የኖርን ነን፤ ነገር ግን የሚመለስ ቃል አላገኘንም። ብዙ ቆየን። የሚገፋን ሰው አልነበረም። በመጨረሻም ስሙን ሁለት ጊዜ ጠራነው፤ አንድ ጊዜ ከሕያዋን፣ አንድ ጊዜ ከሙታን። እናታችን በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው፣ «እኔ የፊተኛውን እይዛለሁ» አሉ።

ከዚያ ወደ ቅድስት እሌኒ ቤተ መቅደስ ወረድን። በደረጃው ግድግዳ ላይ የተቀረጹትን ጥቃቅን መስቀሎች በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር የወረዱት። በታች ሲደርሱ ከላይ የሚፈሰውን ብርሃን አይተው ከየት እንደሚመጣ ጠየቁን። ጠዋት በአጠገቧ ሻይ ከጠጡባት ጉልላት መሆኑን ነገርናቸው። «እኛ ከላይ ስንቀመጥ ብርሃኑ እዚህ ይወርድ ነበር?» ብለው ረጅም ጊዜ ቀና ብለው አዩ።

እንግዲህ የተረፈ ቀን ያላችሁ ሁሉ፣ በማለዳ ተነሡ፤ በክረምት ቀኑ አጭር ነውና። የምትዞሩበትን ቦታ አታብዙ፤ በእያንዳንዱ ግን ቆዩ። የስም ወረቀታችሁንም አትርሱ፤ ያልተጻፈ ስም ካለ እርሱንም ይዛችሁ ኑ። የሚያነብ ቢጠፋ እኛ አለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።