የማንን በግ በላን?

አንባቢ ሆይ! ለፋሲካ በግ መግዛት ቀላል ነገር አይምሰልህ። ባለፈው የስቅለት ማግስት፣ ዘመዶቻችን የራቁብን ስድስት ተማሪዎች ገንዘባችንን አዋጥተን ወደ አቃቂ የከብት ገበያ ወረድን። ደላላው «የአርሲ ነው» ሲል፣ ነጋዴው «የመንዝ ነው» ሲል፣ እኛም ላቱን እየዳሰስን አንድ ቡናማ ሙክት ገዛን።

ከገበያው ሳንወጣ አንድ ሽማግሌ ከኋላችን ደረሱብን። «ልጆቼ፣ ይህ በግ የኔ ነው። ከደጄ ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው። ግራ ጆሮውን የሰነጠቅሁት እኔ ራሴ ነኝ» አሉን። እውነትም ጆሮው የተሰነጠቀ ነበር፤ ነገር ግን በዙሪያችን ጆሮው የተሰነጠቀው በግ እርሱ ብቻ አልነበረም። ነጋዴውን ብንፈልገው ከሰው መካከል ገብቶ ጠፋ። ደላላውም «እኔ አገናኘሁ እንጂ ሰውየውን አላውቀውም» አለ። ከመካከላችን የሕግ ተማሪው «ያለ ማስረጃ ክስ የለም» ብሎ ፈረደ። እኛም «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» ብለን በጉን እየጎተትን ሄድን። ሽማግሌው አልተከራከሩንም፤ ቆመው አዩን እንጂ።

ነገሩ እረፍት ቢነሣን ስለ ከብት መለያ ጥቂት መረመርን። የአውሮፓ ኅብረት በ1996 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ በግ ሁለት መለያ እንዲደረግለት አዘዘ፤ አንዱ በጆሮው ላይ የሚንጠለጠል ቁጥር ነው። ከበረት ወደ በረት ሲሄድም ወረቀት ይከተለዋል። በአገራችንም ለውጭ ገበያ በሚቀርቡ ከብቶች ጆሮ ላይ ቁጥር ማድረግ ተጀምሯል። ምክንያቱ አይጠፋንም፦ በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በሽታ በሳዑዲ ዓረቢያ ሲነሣ፣ መንግሥቷ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን በግና ፍየል በጅምላ ከለከለ። ወረርሽኙ በኢትዮጵያ ባይታይም የሱማሌ ክልል አርብቶ አደር በበርበራ ወደብ በኩል የነበረው ገበያ ተዘጋበት። በጉ ከየት እንደ መጣ የሚናገር መዝገብ ከሌለ ጤነኛው ከታመመው ጋር ይኰነናል።

ታዲያ ቁጥሩ ባሕር ማዶ ላለው በላተኛ ብቻ ለምን ይሆናል? እርግጥ ነው፣ በጉ ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቁጥር ሻጭና ገዢ ካልተመዘገቡ ቁጥሩ የጆሮ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ወጪውም በገበሬው ጫንቃ ላይ ብቻ ከወደቀ ገበሬው ይሸሸዋል። ይህ ተስተካክሎ ቢሠራ ግን ወይ ሽማግሌው በጋቸውን፣ ወይ እኛ ንጹሕ ኅሊናችንን ይዘን በተመለስን ነበር።

በጉን በፋሲካ ማለዳ አረድነው፤ ሥጋው ጥሩ ነበር። የሕግ ተማሪው ግን አንድ ጊዜ ጎርሶ እጁን ታጠበ።