የየኔታ ድምፅና የመብራት ድምፅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው አንድ ጥፋቴን ለመናገርና በየአጥቢያው የአባቶችን ዜማ በኮምፒውተር የምትቀርጹ ወንድሞችና እኅቶች ያንኑ ጥፋት እንዳትደግሙት ለማሳሰብ ነው። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ከአንዲት የዩኤስቢ ገመድ ጋር የሚገባ ጥዝዝታ ነው። ይሁን እንጂ በእርሱ ምክንያት ዳግመኛ የማይገኝ ድምፅ አበላሽቻለሁ።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲኬድ ራስ መኮንን ድልድይ ይገኛል። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ከአምስት ኪሎ ስወጣ አብዛኛውን ጊዜ በእግሬ ወደዚያው እወርዳለሁ፤ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ከድልድዩ ብዙ አይርቅምና። ከአዳራሹ ጀርባ፣ ቀድሞ የመዘምራን ልብስ ይቀመጥባት የነበረች ጠባብ ክፍል አለች። ግድግዳዋን በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ አሮጌ ሚክሰር፣ በዩኤስቢ የሚሠራ አንድ ሳውንድ ካርድና የእኔን ላፕቶፕ አስገብተን የመቅረጫ ክፍል አደረግናት።

ሥራውን ያስጀመረን የየኔታ ጉዳይ ነው። የኔታ ድጓን በቤተልሔም ያስመሰከሩ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ መሪጌታ ናቸው። ለረጅም ዓመታት የኖሩት ዶሮ ማነቂያ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ከልጃቸው ጋር ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። ቀድሞ ምርኩዛቸውን ይዘው በጥቂት ደቂቃ ይደርሱበት ወደነበረው ደብር አሁን የሚመጡት ታክሲ እየቀያየሩ ነው። ስለዚህ የመጡባት ቀን ምን ያህል ውድ እንደ ሆነች ሁላችንም እናውቅ ነበር። ድምፃቸው እየደከመ መሄዱንም እንሰማ ነበር፤ እርሳቸው ግን «ልጄ፣ ድምፁ ቢደክም ዜማው አልደከመም» ይሉናል።

በመጀመሪያ ሁለት ቅዳሜ ተቀምጠው አዜሙልን። ማታ ቤት ገብቼ በማዳመጫ ስሰማው ከድምፃቸው ሥር እንደ ንብ ቀፎ ጥዝዝ የሚል ነገር አለ፤ ከላዩ ደግሞ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። መጀመሪያ የጠረጠርሁት ማይክሮፎኑን ነው፤ ቀጥሎ ሚክሰሩን፤ በመጨረሻም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የየኔታን ድምፅ። «ድምፃቸው ዝቅ ስላለ ማይክሮፎኑን ከፍ ለማድረግ ተገደድሁ፤ ጥዝዝታውም አብሮ ከፍ አለ» ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ።

መፍትሔውንም ከሶፍትዌር ፈለግሁ። ጫጫታ የሚያጠፋ ፕሮግራም ከፍቼ የኔታ ትንፋሽ የወሰዱበትን ባዶ ቦታ ለናሙና ሰጠሁትና ሙሉውን ቀረጻ እንዲያጸዳ አዘዝሁት። ጥዝዝታው ጠፋ፤ እኔም ደስ አለኝ። የላፕቶፑ ቦታ ስለ ጠበበኝ የጸዳውን በዋናው ላይ አስቀመጥሁት። ዋናው ቅጂ የጠፋው በዚያች ቅጽበት ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ለየኔታ አሰማኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ይህ ማን ነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት፣ የኔታ።»

«የእኔ ከሆነ ደረቱ ወዴት ሄደ? ርክርኩንስ ማን በላው?»

የምመልሰው አጣሁ። ዜማ የተማራችሁ እንደምታውቁት ደረትና ርክርክ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ካደራጇቸው የዜማ ምልክቶች መካከል ናቸው። ደረት ድምፁ ዝቅ ብሎ ከደረት የሚወጣበት ነው፤ ርክርክ ደግሞ እየተርገበገበ የሚወርድበት ነው። የሀገራችን መብራት 220 ቮልት ሲሆን በአንድ ሰኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ስለዚህ የመብራት ጥዝዝታ የሚሰማው በ50፣ በ100፣ በ150 ኸርዝ እያለ ነው። የወንድ ልጅ ድምፅ መሠረቱም ሲናገር በአብዛኛው ከ85 እስከ 180 ኸርዝ ባለው መካከል ይገኛል። ሁለቱ በአንድ እርሻ ላይ የበቀሉ ናቸው። በወንጌል የተነገረው የእንክርዳዱ ምሳሌ በእኔ ላይ ደረሰ፤ እንክርዳዱን እነቅላለሁ ስል ስንዴውን አብሬ ነቀልሁት። ፕሮግራሙ ጥዝዝታውን ሲያነሣ የየኔታን ዝቅተኛ ድምፅ አብሮ አነሣ፤ በርክርኩ መጨረሻ እየቀጠነ የሚሄደውንም ጫጫታ መስሎት ቆረጠው።

በማግሥቱ ባዶውን ክፍል ጥቂት ደቂቃ ቀርጬ፣ በስልኬ ይዤ፣ ፒያሳ ሬድዮና ቴፕ ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን ወደ ገፉ አንድ አባት ሄድሁ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጥቂት ሰምተው አወለቁት።

«ዲያቆን፣ ይህማ የመብራት ድምፅ ነው። ስትቀርጽ ቻርጀሩ ተሰክቷል?»

«አዎን፣ ጋሼ።»

«ንቀለውና ቅረጽ። ካልጠፋ ተመለስ።»

የዚያኑ ዕለት ማታ ወደ ክፍሏ ገብቼ ቻርጀሩን ነቀልሁት። ጥዝዝታው በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ያ ሁሉ የሶፍትዌር ድካም አንዲት ሶኬት ከመንቀል ያለፈ ሥራ አልነበረውም። ቀጭኑ ፉጨት ግን አልጠፋም። ማውሱን ሳንቀሳቅሰው ፉጨቱ ይለዋወጣል፤ ተጨማሪው ሃርድ ዲስክ ሲሠራም ይንጫጫል። ማውሱ፣ ዲስኩና ሳውንድ ካርዱ በአንድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተው ነበር። ሳውንድ ካርዱን ለብቻው በላፕቶፑ በሌላኛው ጎን ስሰካው ፉጨቱ ከመስማት በታች ሆነ።

ምክንያቱን ከዚያ በኋላ በትምህርቴ በኩል ተረዳሁት። ዩኤስቢ በ1996 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዓላማው ኪቦርድን፣ ማውስንና ፕሪንተርን የመሳሰሉትን ሁሉ በአንድ ዓይነት ገመድ ማገናኘት ነበር። ብዙ ሳውንድ ካርዶች በሚጠቀሙበት በዩኤስቢ 2.0 ገመድ ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ፣ አንዱ 5 ቮልት ያመጣል፣ አራተኛው መመለሻ ነው። በዚህ መስመር እስከ 500 ሚሊአምፔር ድረስ መውሰድ ይቻላል። መረጃውና ምግቡ የሚመጡት በአንድ መንገድ ነው ማለት ነው። መመለሻውን ሽቦ ደግሞ ፕሮሰሰሩም፣ ዲስኩም፣ ቻርጀሩም ይጋሩታል። ከማይክሮፎን የሚወጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በመመለሻው ላይ ያለች ጥቂት መናወጥ ትበቃዋለች። ኮምፒውተሩ ከዩኤስቢ መሣሪያ ጋር በአንድ ሰኮንድ 1,000 ጊዜ፣ በፈጣኑ አሠራር 8,000 ጊዜ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ የቀጭኑ ፉጨት አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ጥዝዝታው ግን ሌላ መንገድ ነበረው። የላፕቶፑ ቻርጀር በአንድ ግድግዳ፣ ሚክሰሩ በሌላ ግድግዳ ተሰክተው ነበር። ሁለቱም ኧርዝ አላቸው፤ የሁለቱ ሶኬቶች ኧርዝ ግን ፍጹም እኩል አይደለም። ያችን ጥቂት ልዩነት ለማስተካከል ኤሌክትሪኩ በዩኤስቢው ገመድና በድምፅ ገመዱ በኩል ክብ እየሠራ ይዞራል። ይህ ሁሉ የሚገባው ድምፁ ወደ ቁጥር ከመለወጡ በፊት ነው። አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ ኮምፒውተሩ የየኔታን ድምፅና የመብራቱን ድምፅ ለይቶ አያውቅም።

እንግዲህ ከገንዘብ በፊት በጥንቃቄ የሚሠራውን ላስቀድም። ላፕቶፑን በባትሪ ብቻ አድርጋችሁ ቅረጹ፤ ባትሪውን ከቀረጻው በፊት ሙሉት። ባትሪው የማይበቃ ከሆነ ቻርጀሩንም ሚክሰሩንም በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰክታችሁ ከአንድ ሶኬት አውጧቸው። ሳውንድ ካርዱን ለብቻው በላፕቶፑ ቀዳዳ ስኩ፤ ገመዱም አጭር ይሁን። ከሚክሰር ወደ ሳውንድ ካርድ ባለ ሦስት እግር የኤክስኤልአር ገመድ ተጠቀሙ፤ ድምፁ በሁለት ሽቦ ተቃራኒ ሆኖ ስለሚሄድ በመንገድ የገባውን ጫጫታ ተቀባዩ ይቀናንሰዋል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ በሚክሰሩና በሳውንድ ካርዱ መካከል ትንሽ የድምፅ ትራንስፎርመር ማስገባት ይቻላል፤ ድምፁ ያልፋል፣ ኧርዙ ግን ይለያያል። ዩኤስቢውን ራሱን የሚለይ መሣሪያም አለ። ርካሹ ግን ብዙ ጊዜ በሰኮንድ ከ12 ሜጋቢት በላይ አያሳልፍምና ሳውንድ ካርዳችሁ 480 የሚፈልግ እንደ ሆነ አይሠራላችሁም፤ ሳትገዙ ጠይቁ። የራሱ መብራት ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ኃይል ሲያንስ ይረዳል እንጂ መመለሻው ሽቦ እንደ ተገናኘ ስለሚቀር በኧርዝ የሚመጣውን ጥዝዝታ አያጠፋም። በገመድ ላይ የሚታሰረው ጥቁር የፌራይት ቀለበትም የሚረዳው ለሬድዮ ሞገድ ነው፤ ለ50 ኸርዝ ምንም አይፈይድም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። «የሶኬቱን ኧርዝ ቁረጠው፤ ዝም ይላል» የሚል ምክር ለእኔም ደርሶኝ ነበር። እውነት ነው፣ ጥዝዝታው ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን ኧርዝ የተሠራው የመሣሪያው ውስጥ ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ በሰው በኩል እንዳያልፍ ነው። ማይክሮፎን የሚይዙት የሰማንያ ዓመት አባት ናቸው፤ በዝናብ ቀን በእርጥብ ጫማ ገብተው የብረቱን ማቆሚያ ይጨብጣሉ። ጥዝዝታ ያለበት ቀረጻ ከዚያ ይሻላል።

ከወር በኋላ የኔታ መጡ። ሁሉንም ነገር አስቀድሜ አሰናድቼ፣ ላፕቶፑን በባትሪ አድርጌ፣ ባዶውን ክፍል ቀርጬ ሰምቼ ጠበቅኋቸው። አንድ ሰዓት ያህል አዜሙ። ስናሰማቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ከርክርኩ ላይ ሲደርስ እጃቸው በምርኩዛቸው ላይ መወዛወዝ ጀመረ። ምንም አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

የእነዚያን ሁለት ቅዳሜዎች ክፍል ግን እንዲደግሙልኝ ስለምናቸው «ያን ያህል ትንፋሽ አሁን የለኝም፣ ልጄ» አሉኝ። በእኛ ዘንድ የቀረው ደረቱ የተቆረጠ፣ ርክርኩ የተበላ ቅጂ ብቻ ነው። ከነጥዝዝታው ዋናው ቢቀርልኝ ኖሮ ጆሮ ያለው ደቀ መዝሙር ከጥዝዝታው ሥር ዜማውን ሊማርበት ይችል ነበር። እኔ ግን ለጆሮ የሚመች ነገር ፈልጌ ለትምህርት የሚሆነውን አጠፋሁ።

ስለዚህ የምትቀርጹ ሁሉ፣ ዋናውን ቅጂ አትንኩ፤ በሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ የምታጸዱትም ሌላ ቅጂ ይሁን። አባቶች ከመምጣታቸው በፊት ባዶውን ክፍል ቅረጹና አዳምጡ። ጫጫታ ስትሰሙም በአባቶች ድምፅ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት በእጃችሁ የሰካችሁትን አንድ በአንድ ንቀሉ። እኔ ጉድለቱን በየኔታ ጉሮሮ ስፈልግ በራሴ ቻርጀር ላይ ነበረ።

የየኔታን ዕድሜ ያርዝምልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።